የሥራ ዘመኑ ያለፈበት የቤት ባለቤቶች ማኅበር መዋጮ ያልከፈሉትን በሕግ ማስገደድ ይችላልን?

ጥያቄ (ከልደታ ነዋሪ)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ልደታ አካባቢ፣ ከቀላል ባቡሩ መስመር ብዙም በማይርቅ ባለ ሰባት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ ውስጥ ነው። ሕንጻው 48 ቤቶች ሲኖሩት ከእነዚህ ስድስቱ ምድር ላይ ያሉ ሱቆች ናቸው። ጉዳዩን በዝርዝር የማቀርበው ሕግ የምታውቁም ሆናችሁ በሌላ ሳይት ተመሳሳይ ችግር ያለፋችሁ በቀጥታ እንድትመክሩን ስለምፈልግ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት የውኃ ፓምፓችን ዲናሞ ተቃጠለ። ውኃው በፈረቃው ቀን ወደ ታችኛው ታንከር ይገባል፤ ከዚያ ወደ ጣሪያው ሮቶ የሚያወጣው ግን የለም። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ማለዳ ማለዳ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አንጠልጥለው ሲወጡ፣ በየፎቁ መታጠፊያ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጠው የደረጃውን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይቆማሉ። ልጆች ሲያገኟቸው ይቀበሏቸዋል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ግን ደረጃው ላይ የሚያልፍ ሰው እምብዛም የለም።

አዲስ ፓምፕ ከነመግጠሚያው 186,000 ብር ተጠይቀናል። በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ያለው 41,000 ብር ብቻ ነው። ወርኃዊ መዋጯችን 400 ብር ሲሆን፣ 19 ቤቶች ለ14 ወራት አልከፈሉም፤ ይህ ብቻ 106,400 ብር ይሆናል። ካልከፈሉት መካከል አምስቱ የሱቅ ባለቤቶች ሲሆኑ፣ «ደረጃ አንወጣም፣ የጣሪያ ውኃም አንጠቀምም» ይላሉ። ስምንቱ ደግሞ ቤታቸውን አከራይተው ሌላ ሰፈር ወይም ውጭ አገር የሚኖሩ ናቸው፤ ተከራዮቹ «እኛ የምናውቀው ኪራይ ብቻ ነው» ሲሉ፣ ባለቤቶቹ ስልክ አያነሱም።

የከፋው ነገር ይህ ነው፦ ኮሚቴው የተመረጠው ከአራት ዓመት በፊት ሲሆን የሥራ ዘመኑ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ሁለት ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠቅላላ ጉባኤ አልተጠራም። ሰብሳቢያችን ቤታቸውን አከራይተው ሲለቁ የማኅበሩን ማኅተምና የሒሳብ መዝገቡን ይዘው ነው የሄዱት። የቀሩት ሁለት የኮሚቴ አባላት ጸሐፊ እንድሆን ለምነውኛል፤ ዕቅዳቸውም አዲሱ ፓምፕ ሲገጠም ያልከፈሉትን ቤቶች የውኃ መስመር መዝጋት ነው። ይህ ሕጋዊ ነውን? ክስ መመሥረትስ እንችላለን? ከየትኛው ብንጀምር ይሻላል?


መልስ 1 (የሕግ ባለሙያ)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በልደታና በጎተራ ሳይቶች ለሚኖሩ በርካታ ማኅበራት ምክር ስሰጥ ስለቆየሁ ነገሩ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ይሁንና በቅደም ተከተሉ ላይ ጠንከር ያለ ሐሳብ ስላለኝ ትንሽ እንዳረዝም ይፍቀዱልኝ።

የእናንተ ጉዳይ በዋናነት የሚመራው በጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። ይህ አዋጅ እያንዳንዱ ሰው በግሉ ከያዘው ቤት ባሻገር ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የውጭ ግድግዳው፣ የፍሳሽና የውኃ መስመሩ፣ ግቢውም የሁሉም ባለቤቶች የጋራ መሆኑን በመነሻነት ይዞ፣ እነዚህን የሚያስተዳድር የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር አድርጓል። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ያለው በመሆኑ በስሙ ውል ይዋዋላል፣ ይከስሳል፣ ይከሰሳል። የቤት ባለቤት የሆነ ሁሉ አባል የሚሆነው በፈቃዱ ፎርም ስለሞላ ሳይሆን የቤቱ ባለቤት በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ «እኔ አባል አይደለሁም» የሚለው ክርክር፣ በየስብሰባው የምሰማው ቢሆንም፣ ውኃ የሚቋጥር አይደለም።

እንግዲህ መብቱ የማኅበሩ ነው። እናንተን የሚጎድላችሁ ይህን መብት በማኅበሩ ስም ይዞ የሚቆም፣ ሥልጣኑ ያልተቋረጠ ሰው ነው። ዛሬ ክስ ብታቀርቡ ተከሳሹ መጀመሪያ የሚያነሣው የ400 ብሩን ጉዳይ አይደለም፤ «ክሱን የፈረሙት ሰዎች ማን ወከላቸው? ቃለ ጉባኤው የት አለ?» ነው የሚለው። የሁለት ዓመት ዘመኑን ጨርሶ ሁለት ዓመት የቆየ ኮሚቴ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ መዝገቡ በዚሁ ሊዘጋ ይችላል፤ የከፈላችሁት የዳኝነት ገንዘብና የጠበቃ ድካምም ባክኖ ይቀራል። ስለሆነም መጀመሪያው ሥራ ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት ነው። ሰብሳቢው ባይኖሩም የመተዳደሪያ ደንባችሁን አውጥታችሁ ስንት አባላት በፊርማቸው ስብሰባ ሊያስጠሩ እንደሚችሉ፣ ምልአተ ጉባኤው ስንት እንደሆነ፣ በመጀመሪያው ጥሪ ካልሞላ ሁለተኛው ጥሪ እንዴት እንደሚታይ አረጋግጡ። የደንቡ ቅጂ ከእጃችሁ ከሌለ ማኅበሩን ከመዘገበው መሥሪያ ቤት ግልባጭ በጽሑፍ ጠይቁ። ጥሪው የሚደረግበትን ቀን፣ ቦታና አጀንዳ በየደረጃው መግቢያ ለጥፋችሁ ፎቶ አንሡት፤ ውጭ አገር ላሉትም በስልክ መልእክት ልካችሁ መላኩን የሚያሳየውን ማስረጃ አስቀምጡ። ወኪል ልኬያለሁ የሚል ካለ ውክልናውን በጽሑፍ ተቀብላችሁ ከቃለ ጉባኤው ጋር አያይዙት።

አዲስ ኮሚቴ ከተመረጠ በኋላ ቃለ ጉባኤው በተገኙት ሁሉ ተፈርሞ ለመዝጋቢው አካል ይቅረብ፤ በዚያ መሠረት የባንክ ፊርማው ይለወጥ። ማኅተሙና መዝገቡ የማኅበሩ ንብረት ናቸው፤ የቀድሞው ሰብሳቢ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲያስረክቡ በአዲሱ ኮሚቴ ፊርማ ደብዳቤ ይጻፍላቸው። እኔ እንዳየሁት አብዛኛው ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ያስረክባል፤ ማኅተም ይዞ የሚቀረው ክፋት ኖሮት ሳይሆን ማን እንደሚረከበው ባለማወቁ ነው።

ውኃ መዝጋቱን ግን አጥብቄ እከለክላችኋለሁ። አንድ ሰው ዕዳ አለበት ማለት ባለገንዘቡ በገዛ እጁ ፍርድ ሰጥቶ በገዛ እጁ ያስፈጽማል ማለት አይደለም። ውኃው የተዘጋበት ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት ሁከት ይወገድልኝ ብሎ ቢከስ፣ ዳኛው የሚመለከተው የመዋጮውን ውዝፍ ሳይሆን በይዞታው ላይ የተፈጸመውን ሁከት ነው። ከሳሽ መሆን የነበረበት ማኅበር ተከሳሽ ሆኖ ይቀርባል። በተጨማሪም በስምንቱ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩት ተከራዮች ናቸው፤ ዕዳው የእነሱ ሳይሆን ልጆቻቸው በጥም እንዲቀጡ ማድረግ ከሕጉም በላይ ለኅሊና ይከብዳል።

ትክክለኛው መንገድ የሚከተለው ነው። ለእያንዳንዱ ባለዕዳ የወሩን ብዛትና ጠቅላላ ድምሩን የሚገልጽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፤ ማስጠንቀቂያ መሰጠቱ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት ወደሚቀጥለው እርምጃ የሚያሸጋግር መሠረታዊ ነገር ነው። የመክፈያ ጊዜው አልፎ ካልተከፈለ ማኅበሩ ዋናውን ዕዳና በአንቀጽ 1751 የተመለከተውን 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ መጠየቅ ይችላል። ውጭ አገር ያለውን ባለቤት በተመለከተ፣ አድራሻው ካልታወቀ ፍርድ ቤቱ መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ሊያዝ ስለሚችል «ውጭ ነው ያለሁት» ማለት ከክስ አያድንም። ክሱ የሚቀርበው ግን በተከራዩ ላይ ሳይሆን በባለቤቱ ላይ ነው።


መልስ 2 (የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፣ ጎተራ)

የሕግ ባለሙያው የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ ገንዘቡ ነው። ለአምስት ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስሠራ የተማርኩት፣ ሰው መዋጮ የማይከፍለው ገንዘብ ስለሌለው ብቻ ሳይሆን የከፈለው የት እንደገባ ስለማያውቅ ጭምር መሆኑን ነው።

ይህንን ያስተማረኝ በግቢያችን ያለው ዕድር ነው። መዋጮ አልከፍልም ብለው ከእኔ ጋር ሲሟገቱ የነበሩት ጎረቤቶቼ የዕድር ክፍያቸውን አንድም ወር አሳልፈው አያውቁም ነበር። ምክንያቱን ስመረምረው፣ የዕድሩ ጸሐፊ በየወሩ ስብሰባ ላይ ሰማያዊ ሽፋን ያለውን ደብተር ገልጦ፣ ማን እንደከፈለ፣ ለማን ሐዘን ስንት እንደወጣ፣ ከእጅ ያለው ስንት እንደሆነ ጮክ ብሎ ያነብባል። ከድንኳኑ ኪራይ የተገኘ 300 ብር እንኳ ሳይነበብ አያልፍም። እኛ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሒሳብ አቅርበን አናውቅም ነበር። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ወረቀት በየደረጃው መግቢያ መለጠፍ ጀመርን፦ የጥበቃዎች ደመወዝ ይህን ያህል፣ የጋራ መብራት ይህን ያህል፣ የፍሳሽ ማስመጠጫ ይህን ያህል፣ ቀሪ ይህን ያህል። ያልከፈሉ ሰዎችን ስም አልለጠፍንም፤ ያ ማዋረድ ስለሚሆን ጠብ ያመጣል። በሰባት ወር ውስጥ ካልከፈሉት 23 ቤቶች 15ቱ ያለ ክስ ተከፋፍለው ከፈሉ።

ለእናንተ ፓምፕ የምመክረው ግን ዕዳውን ጠብቃችሁ ሳይሆን ከዕዳው ነጥላችሁ እንድትሄዱ ነው። 186,000 ብር ላይ 41,000 ብሩ ሲቀነስ 145,000 ብር ይቀራል፤ ለ48 ቤት ሲካፈል ለአንድ ቤት 3,020 ብር ከምናምን ነው። ጉባኤው ይህንን ልዩ መዋጮ አጽድቆ በሁለት ወር እንዲከፈል ቢያደርግ፣ ውዝፉ ሲሰበሰብ የመጠባበቂያ ገንዘብ መነሻ ይሆናል። የመጠባበቂያ ገንዘብ የሌለው ሕንጻ በየፓምፑ ሲጮህ ይኖራል፤ ነገ ደግሞ ጣሪያው ያፈሳል፣ ቀለሙ ይለቃል። ገንዘብ ስትቀበሉ ተከታታይ ቁጥር ባለው ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ከባንክ ማውጣትም በሁለት ሰው ጣምራ ፊርማ ብቻ ይሁን።

ሌላው፣ ብዙ ሳይቶች የእርድና የልብስ ማጠቢያ ቦታ ተብሎ የተሠራ የጋራ መገልገያ ሕንጻ አላቸው። በእኛ ግቢ ይህ ሕንጻ ማን እንዳከራየው ሳይታወቅ ለዓመታት መጋዘን ሆኖ ቆይቶ ነበር። ከእናንተም ካለ ውሉን ፈልጉት፤ ገቢው የጋራ ነው።


መልስ 3 (የምድር ሱቅ ባለቤት)

በጥያቄው ላይ የሱቅ ባለቤቶች እንደ እምቢተኛ ስለተቀመጡ ሌላውን ጎን ማቅረብ ግዴታዬ ነው። የእኔ ሱቅ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የጋራ ሕንጻ ምድር ላይ ነው። ለአራት ዓመት እኩል መዋጮ ከፍያለሁ። ነገር ግን የፍሳሹ ጉድጓድ ሲሞላ የሚገነፍለው ከሱቄ በር ፊት ለፊት ነው፤ ደንበኛ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ ኮሚቴው ግን ገንዘቡን በመጀመሪያ ለደረጃ ቀለምና ለመግቢያው በር አዋለው። ክፍያዬን ያቆምኩት ያን ጊዜ ነው። አሁን ስመለከተው ማቆሜ ትክክል አልነበረም፤ በጽሑፍ አቤት ብዬ መክፈሌን መቀጠል ነበረብኝ። ሆኖም ጥያቄዬ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ደረጃ የማይወጣ ሰውና ሰባተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ለደረጃ ጽዳትና ለውኃ ፓምፕ እኩል ይክፈሉ ማለት ፍትሐዊ አይመስለኝም። እባካችሁ የሕግ ባለሙያው በዚህ ላይ አስረዱን።


የሕግ ባለሙያው ምላሽ

አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። መልሱም ሁለት ገጽታ አለው። አንድ ሰው በጋራ መጠቀሚያው አልገለገልም ብሎ ከመዋጮ ነጻ ሊወጣ አይችልም፤ ይህ ቢፈቀድ ኖሮ ሰባተኛ ፎቅ ያለው ስለ ፍሳሹ፣ ምድር ላይ ያለው ስለ ጣሪያው አይመለከተኝም ብሎ ሕንጻው ባለቤት አልባ በሆነ ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ ውኃው ፎቅ በፎቅ ወርዶ ምድር መድረሱ አይቀርም፤ የፍሳሹ ጉድጓድም የሰባቱም ፎቅ ነው።

ድርሻው እኩል ይሁን የሚል ግን አስገዳጅ ነገር የለም። ሕንጻው ሲመዘገብ በቀረቡት ሰነዶች ውስጥ የየቤቱ የጋራ ወጪ ድርሻ የሚመለከተው ክፍል አለ፤ መጀመሪያ እሱ ይታይ። ብዙ ማኅበራት ይህን ሳያዩ ለቀላልነቱ ብቻ ሁሉንም እኩል ያስከፍላሉ፤ ለክርክር የሚዳርጋቸውም ይኸው ነው። የልደታው ወንድማችን፣ በጉባኤው አጀንዳ ላይ ይህንን አካትቱ፤ ያልከፈሉትን አምስት ሱቆች አሳምናችሁ ከመለሳችሁ ከእነሱ ብቻ 28,000 ብር ውዝፍ ታገኛላችሁ። የሱቁ ወንድማችንም የተናገሩት የኮሚቴ ቅደም ተከተል ስሕተት ነው፤ ቆሻሻ ውኃ በሚገነፍልበት ግቢ ቀለም መቀባት በእርግጥ ልክ አይደለም።


መልስ 4 (የሕንጻ አስተዳደር ሠራተኛ፣ ስታዲየም አካባቢ)

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛው ስለ ተከራዮቹ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ስለዚህ ውሉ ሲታደስ የማኅበሩን መዋጮ ማን እንደሚከፍል በግልጽ እንዲጻፍ ባለቤቶቹን ጠይቁ። ባለቤቱ በጽሑፍ ከተስማማ ተከራዩ መዋጮውን ከፍሎ ከኪራዩ ሊቀንስ ይችላል፤ ውጭ አገር ያለው ሰው ከዚህ የሚቀለው መንገድ የለም።

ሁለተኛው ማንም የማያነሣው ነገር ነው፤ ጥበቃዎቻችሁ። ከሥራ ያሰናበትነው አንድ ጥበቃ ሲከሰን ነው የነቃነው። ሰብሳቢያችን አንድ ማለዳ በር ላይ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አሉት፤ በጽሑፍ የተሰጠው ምክንያትም ማስጠንቀቂያም አልነበረም። ማኅበሩ አሠሪ በመሆኑ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይገዛል፤ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ የሠራ ጥበቃ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባዋል፣ ቢያንስ የ16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድም አለው። እኛ ጥበቃዎቻችንን 24 ሰዓት አስመሽተን ስናሳርፋቸው ለዓመታት ምንም መዝግበን አናውቅም ነበር፤ የተፈረደብን ክፍያ ከአንድ ፓምፕ ዋጋ በላይ ሆነ። የጡረታ መዋጮም እንዲሁ ነው፤ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከማኅበሩ። አዲሱ ኮሚቴ ሲረከብ የጥበቃዎቹን ውል መጀመሪያ ይመልከት፤ ከሌላቸው ይጻፍላቸው። ሌሊት ሙሉ በራችንን የሚጠብቅ ሰው ያለ ወረቀት ሊሠራ አይገባም።


ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ውኃ የመዝጋቱን ሐሳብ ለሁለቱ የኮሚቴ አባላት የሕግ ባለሙያውን ጽሑፍ አንብቤላቸው ትተውታል። ጸሐፊ ሁን ያሉኝንም ጉባኤው ካልመረጠኝ አልቀበልም ብያለሁ።

መተዳደሪያ ደንቡን ከአንድ አባል ቤት አግኝተነዋል፤ ከአባላቱ አንድ አምስተኛ በፊርማ ከጠየቁ አስቸኳይ ጉባኤ ይጠራል ይላል። 48 ቤት ስለሆንን 10 ፊርማ ያስፈልገናል ማለት ነው፤ እስከ ትናንት ማታ ድረስ 17 አሰባስበናል፤ ከእነዚህ ሁለቱ የሱቅ ባለቤቶች ናቸው። የስድስተኛ ፎቋ እናት ፊርማቸውን ሲያስቀምጡ «ሒሳቡ ይነበባል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ይነበባል አልኳቸው። የድርሻውን ሰነድ ለማግኘት ዛሬ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገብተናል። አጀንዳው አራት ነው፦ የኮሚቴ ምርጫ፣ የሒሳብ ሪፖርት፣ ለፓምፑ የሚከፈል ልዩ መዋጮ፣ የድርሻ አከፋፈል። የጥበቃዎቹ ውል በመልስ 4 የተነሣው ስለሆነ አምስተኛ አድርገን ጨምረነዋል። ጥሪው ነገ ጠዋት ይለጠፋል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፦ የቀድሞው ሰብሳቢ በስልክ አግኝተናቸው ማኅተሙን ለማስረከብ ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውናል፤ ነገር ግን የሒሳብ መዝገቡን በሚመለከት ከፊሉ ደረሰኝ ጠፍቷል ይላሉ። ርክክቡን እንዴት ብናደርገው ይሻላል?


የሕግ ባለሙያው ምላሽ

ያለውን እንዳለ ተረከቡ፤ የጎደለውንም እንደጎደለ ጻፉ። በርክክብ ቅጹ ላይ የተገኙት ደረሰኞች ከቁጥር እስከ ቁጥር፣ የጠፉትም በየወሩ ተለይተው ይመዝገቡ፤ አስረካቢ፣ ተረካቢና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። የባንክ መግለጫውን ከአራት ዓመት በፊት ካለው ቀን ጀምሮ አውጥታችሁ ከደረሰኞቹ ጋር አስተያዩት፤ ባንክ የገባ ገንዘብ ደረሰኙ ቢጠፋም ዱካው አይጠፋም። ጉባኤው ከአባላቱ መካከል የሒሳብ ዕውቀት ያላቸው ሁለት ሰዎች መርጦ ይህን ሥራ ይስጣቸው። ሰውየውን በጉባኤ ፊት በጥርጣሬ አታቁሟቸው፤ የማጣራቱ ሪፖርት እስኪቀርብ ድረስ ስለ ገንዘቡ ማንም ምንም አይበል። ማኅተሙን ግን ጉባኤው ሳይካሄድ አትቀበሉ፤ ዛሬ ብትቀበሉ በማን ስም ትይዙታላችሁ?